እናቱን ከመስኮቱ አርቋት

አጎቴ ቴንግ-ፋን ያን ቀን ጠዋት ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው። የመድኃኒት ቤቴን የብረት መዝጊያ ልከፍት ጎንበስ ስል አንድ ሰው በሩጫ መጥቶ ሊደፋኝ ምንም አልቀረው። ቀና ብዬ ሳይ መንደሩ ሁሉ «አጎቴ» የሚላቸው የሰፈራችን ሹም ቴንግ-ፋ ናቸው። በአንድ እጃቸው የቤተ መቅደሱን ድምፅ ማጉያ አንጠልጥለዋል፣ በሌላው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይቆልፋሉ፣ ጉንጫቸው ውስጥ እንደ ልማዳቸው ያቺ ጥርስ የምታቀላ ፍሬ አለች።

«ምነው አጎቴ፣ እሳት ተነሣ እንዴ?» አልኳቸው ለጨዋታ ያህል።

«አታሟርት ሐኪም ሊያዎ! ገና አልተነሣም» አሉና በአገጫቸው ወደ ማዶ አመለከቱኝ።

ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት ቀማሚ ነኝ። ነገር ግን አጎቴ ቴንግ-ፋን ማረም ከተውኩ ቆይቻለሁ። ማዶ ያለው ከሞተር ሳይክል ጠጋኙ በላይ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነው። የላይኛው ፎቅ መስኮቶች ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል፣ መጋረጃውም ወርዷል። በታይዋኗ የወደብ ከተማ በካኦሲዩንግ ሙቀት እንዲህ መስኮቱን የሚዘጋ ጤነኛ ሰው አላውቅም።

«ቦ-ዌይ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የመርከብ በያጁ። የጋዝ ሲሊንደሩን ከወጥ ቤት ሳሎን ድረስ ጎትቶ ከፍቶታል። ላይተር በእጁ ይዟል። ሊንግ-ሊንግ አብራው ናት።»

ሊንግ-ሊንግ የስድስት ዓመት ልጁ ናት። ደረቷ ደካማ ስለሆነ የአስም መንፊያዋን ከእኔ ነው የምትወስደው። ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ ትመጣና «ሐኪም፣ ዛሬ ደግሞ ደረቴ ያፏጫል» ትለኛለች እንደ ትልቅ ሰው። እናቷ ከቦ-ዌይ ተፋትታ ታይቹንግ ከተማ ገብታለች። ፍርድ ቤት ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኑር ብሎ ወስኖ፣ የመንግሥት ሰዎች ሊወስዷት የሚመጡት በዚያው ቀን ነበር። መምጣታቸውንስ መጡ። ቦ-ዌይም በሩን ቆልፎ «የሚነካው ካለ አብረን እንነድዳለን» አላቸው።

«አይዞህ» አሉኝ አጎቴ ፊቴን አይተው። «እናቱ ዘንድ ልኬያለሁ፤ ከቺጂን ደሴት በጀልባ ትሻገራለች። እዚህ መንገዱ መሃል ተንበርክካ በዚህ ድምፅ ማጉያ በልጅነት ስሙ ስትጠራው እኮ አለቀ! አልቅሶ ይወርዳል።»

እኔም ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቅ። በእኛ ዘንድ ልማዱ ይኸው ነው። አንድ ሰው ጣራ ላይ ከወጣ ወይም በር ዘግቶ ካበደ፣ እናቱ ካለችበት ተፈልጋ ትመጣለች። ሕዝቡ ክብ ይሠራል፣ ጋዜጠኛው ካሜራውን ይደግናል፣ እናቲቱ አስፋልት ላይ ተንበርክካ ታነባለች፤ አብሮ የማያለቅስ የለም። አጎቴ ቴንግ-ፋ ደግሞ በዚህ ነገር ስመ ጥር ናቸው። ቀደም ባለው ጊዜ የዓሣ ሻጭዋን ልጅ ከድልድይ ያስወረዱት በዚሁ መንገድ ነው፤ ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ ቤታቸው ግድግዳ ላይ አለ። የተማርኩ ነኝ የምለው እኔ እንኳ፣ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ገና እየተነጋገርን ሳለ የከተማው ፖሊስ ልዩ ቡድን መጣ። ጩኸት የለ፣ ሳይረን የለ። ጥቁር መኪኖች ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ቆሙ፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ወረዱ፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኔ እያየ ጠፉ። ጎረቤቱን ሁሉ በር በር እያንኳኩ ወደ ቤተ መቅደሱ ግቢ አወጡት። ባለቤቴም ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታጠልቅ ከሰው ጋር ሄደች። ከዚያ አንዲት ወጣት ፖሊስ በኋላ በር ወደ ሱቄ ገባችና የራስ ቁሯን አወለቀች። ፋንግ-ዪ ናት፤ የኑድል ሻጩ ልጅ! እዚሁ መንገድ ላይ በብስክሌት ስትወድቅ ጉልበቷን በፋሻ ያሰርኩላት ልጅ።

«ሐኪም፣ ይቅርታ፣ ሱቅዎን ልንወስድብዎት ነው» አለች ከወገቧ ዝቅ ብላ። «የኋላ በር ስላለው ነው። እርስዎና አጎቴ ቤተሰቡን በደንብ ስለምታውቁ እዚህ ጓዳ ከእኔ ጋር ትቀመጣላችሁ። ከመስኮት ራቁ፣ ስልካችሁንም አጥፉ።»

«የምን መቀመጥ!» አሉ አጎቴ። «ወጥቼ የበሩን ደወል እደውልለታለሁ። ያን በር ስንት ዓመት ደውያለሁ መሰለሽ!»

ፋንግ-ዪ እጅጌያቸውን ለቀም አደረገች። «አጎቴ፣ ደወሉ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ቤቱ በጋዝ ተሞልቷል። እርስዎ ሲጫኑት አንዲት ብልጭታ ብትወጣ በቂ ነው።»

አጎቴ ጣታቸውን አዩት። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ጓዳው ውስጥ በመድኃኒት ካርቶን ላይ ተቀመጥን፤ ከዚያ ሆኖ በሱቁ መስታወት አሻግሮ የማዶው መስኮት ይታያል። ፋንግ-ዪ ጆሮዋ ላይ ባለው መገናኛ የሚባለውን ትሰማለች። የቡድኑ ተናጋሪ፣ ሹ የሚባል ጎልማሳ፣ ከደረጃው ላይ ሆኖ ከቦ-ዌይ ጋር በበሩ በኩል ማውራት ጀምሯል። የጋዙ ሽታ እስከ እኛ ድረስ ይመጣል፤ ወይም የመጣ ይመስለኛል፤ ከፍርሃቴ ብዛት ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። አጎቴ ግን ዝም ማለት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው።

«በይ ንገሪኝ እስቲ፣ የኑድል ሻጩ ልጅ። እነዚያ ጥቁር ለባሾች ምን ሊሠሩ ነው የመጡት? በር ሊሰብሩ? ሰው ሊደፉ? በቴሌቪዥን አይቻቸዋለሁ፤ መሬቱን እያስጨነቁት ነው የሚሄዱት።»

«ቴሌቪዥን ላይ ያዩት ለበዓል ሰልፍ ሲወጡ ነው አጎቴ። አሁን የት እንዳሉ ያዩዋቸዋል?»

አጎቴ አንገታቸውን አስግገው ፈለጉ። «አላይም።»

«ደረጃው ላይ ተኝተዋል። ከፊታቸው ጋሻ፣ ከላያቸው እርጥብ ብርድ ልብስ አለ። እዚያው ይቆያሉ። ቢያስፈልግ እስከ ማታ።»

«ታዲያ ተኝተው ለሚውሉ ሰዎች ነው እንዴ ግብር የምንከፍለው?»

«አዎ፣ ለዚህ ነው» አለች ፋንግ-ዪ ሳትቆጣ። «እነሱ ከኋላው ስላሉ ሹ አይቸኩልም። ነገሩ ቢበላሽ በሩን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚከፍቱት ያውቃል፤ ስለዚህ ረጋ ብሎ ያወራል። የሰፈራችንን ፖሊስ አ-ሾንግን ያውቁት የለ?»

«እንዴት አላውቀውም! ከቦ-ዌይ ጋር ዓሣ የሚያጠምደው። እንዲያውም እሱ ቢያናግረው ይሻል ነበር። የማያውቀው ሰው ምን ሊለው ነው?»

«አ-ሾንግ ደግ ሰው ነው። ግን ጠዋት ሽታው ሲሸተው በሩን በእርግጫ ሊገነጥለው ነበር፤ ባልደረባው ነው ጎትቶ ያወረደው። ክፋት የለበትም፤ ደንግጦ ነው። የእሱ ሥራ የመኪና ግጭትና የጎረቤት ጠብ ነው፤ እዚያ ላይ ማንም አይስተካከለውም። እኛ ደግሞ ሌላ ሥራ የለንም። ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሕንፃ ውስጥ ይኸንኑ ስንደጋግም ነው የምንውለው። አንዱ መናገር ብቻ ነው፣ አንዱ መስማት ብቻ፣ አንዱ የበር ማጠፊያ ብቻ ያጠናል። የእኔ ሥራ ከዘመድና ከጎረቤት ጋር መቀመጥ ነው።»

«ሥራዬ ከሽማግሌ ጋር መጨቃጨቅ ነው በይኛ!»

«እሱም ደሞዝ አለው አጎቴ።»

በዚያ ጭንቀት መካከል ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ነገሩን ሳብላላው ግን ልጅቷ ልክ ነበረች። እኔ ሳል የያዘውን ሰው ሽሮፕ እሰጠዋለሁ፤ ሆዱ በቀዶ ሕክምና መከፈት ያለበት ሰው ሲመጣብኝ ግን «አንተን ስለማውቅህ ልቅደድህ» አልለውም። ፖሊስም ፖሊስ ስለተባለ ብቻ ሁሉን እንዲችል የምንጠብቀው በምን ሒሳብ ነው? ይህን ልናገር አፌን ስከፍት አጎቴ ቀደሙኝ።

«እሺ፣ ተናጋሪም ይሁን፣ ጋሻም ይሁን። እኔ የምለው ሌላ ነው። የእናት ድምፅ ያለበት ቦታ የእናንተ ሹ ምን ያደርጋል? እናቱ እየመጣች ነው። በመስኮቱ ትይዩ እናቆማታለን፣ ትንበረከካለች...»

ፋንግ-ዪ ክው አለች። «ማን ነው እናቱን የጠራት?»

«እኔ ነኛ!» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

«ለቦ-ዌይ ነግረውታል?»

«ገና ጠዋት ከመንገድ ላይ ጮኼ ነግሬዋለሁ፤ እናትህ መንገድ ላይ ናት፣ ጠብቃት ብዬዋለሁ።»

ፋንግ-ዪ በመገናኛው ቶሎ ቶሎ አንድ ነገር ተናገረች። መልሱን ስትሰማ ፊቷ ይበልጥ ጠቆረ።

«ምነው?» አልኳት፤ የራሴ ድምፅ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

«ቦ-ዌይ እናቴ መጣች ወይ እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል።»

«አየሽ!» አጎቴ ከካርቶኑ ላይ ብድግ አሉ። «አላልኩም? ልቡ ተሸንፏል! እናቱን እየፈለገ ነው እኮ!»

«አጎቴ፣ ይቀመጡ። እባክዎ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እውነቱን ይመልሱልኝ።» ፋንግ-ዪ ከፊታቸው ቁጢጥ አለች። «እናትዎ፣ ነፍሳቸው በሰላም ትረፍና፣ ዛሬ በሕይወት አሉ እንበል። እርስዎ ደግሞ ሥራዎን አጥተዋል፣ ሚስትዎ ሄዳለች፣ ልጅዎን ሊወስዱብዎት ነው። መንደርተኛው ሁሉ ከታች ቆሞ ያያል፣ ካሜራ ተደቅኗል። በመስኮት ሲያዩ እናትዎ በዚያ ዕድሜያቸው አስፋልት ላይ ተንበርክከው በእርስዎ ምክንያት ግንባራቸውን መሬት ላይ ያደርጋሉ። ምን ይላሉ?»

«እኔ?» አሉ አጎቴ ሳያስቡት። «እሞታለኋ! እንዴት ብዬ ከዚያ በኋላ ፊቴን...»

አልጨረሱትም። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ፤ ፍሬዋም መታኘኳን አቆመች። ማዶ ያለው መጋረጃ አልተነቃነቀም።

«የዓሣ ሻጭዋ ልጅ ግን ወርዷል» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ወርዷል። ሊወርድ ፈልጎ ሰበብ ያጣ ሰው ነበረ ይሆናል። ይህኛው ግን ምን እንደሆነ አናውቅም። የማናውቀውን ነገር በልጅቷ ሕይወት እንሞክር?» አለች። «ደግሞ አጎቴ፣ የእርስዎ እውቀት አያስፈልገንም አላልኩም። ይልቅ ይንገሩኝ። ቦ-ዌይ በምን ይኮራል? ከሊንግ-ሊንግ ጋር ምን ያደርጋል? ማን ሲጠራበት ይናደዳል? ሹ ይህን ሁሉ ማወቅ አለበት።»

አጎቴም መጀመሪያ እየተንተባተቡ፣ ኋላ እንደ ጎርፍ የሚያውቁትን አወረዱላት። የቀድሞ አማቱን ስም ከአፋችሁ አታውጡ አሉ። በወደቡ መናፈሻ ያለውን የልጆች መንሸራተቻ የበየደው እሱ ነው፣ ያለ ክፍያ ነው የሠራው፣ ያንን አንሡለት አሉ። ሊንግ-ሊንግን ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን የሚጎነጉንላት እሱ ነው አሉ። እኔም አስሙን ነገርኳት፤ መንፊያዋ ካለቀ ቀናት አልፈዋል፣ አዲሱን ገና አልወሰደችም፣ እነሆ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ፋንግ-ዪ ሁሉንም በመገናኛው እያሳጠረች ለሹ አስተላለፈች፤ መንፊያውንም በኋላ በር ወደ ደረጃው ላከችው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የኋላው በር ተንኳኳ። አጎቴ የላኩት ሰው እናቲቱን ይዞ መጣ። ዩ-ላን ትባላለች፤ ቺጂን ደሴት ላይ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ አድርቃ የምትሸጥ ቀጭን ሴት ናት። ከጀልባው ወርዳ እየሮጠች መጥታ ኖሮ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«የታል ልጄ? የቱ መስኮት ነው? ወንድም ቴንግ-ፋ፣ አድርሰኝ!»

አጎቴ ፋንግ-ዪን አዩ። ፋንግ-ዪ ጆሮዋን ይዛ ታዳምጥ ነበር።

«ምን አለ?» አሉ አጎቴ።

ቃሉን ሳትለውጥ ነገረችን። «እናቴ ከመጣች በመስኮቱ ትይዩ ትቁምልኝ፤ ልሰግድላት እፈልጋለሁ፤ ሌላ ነገር አልጠይቅም ብሏል።»

«ልጄ ጠራኝ!» ዩ-ላን ወደ ፊተኛው በር ተወረወረች።

ለመጀመሪያ ጊዜ አጎቴ ቴንግ-ፋ ከማንም በፊት የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ፋንግ-ዪ ልትናገር አፏን ስትከፍት እሳቸው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ያን ሰፊ ሰውነታቸውን በሩ ላይ ለጠፉት።

«ዩ-ላን፣ አትወጪም።»

«ዞር በል! አንተው አይደለህ የጠራኸኝ? ሰው ልከህ እናቱ ትምጣ አላልክም?»

«ብያለሁ። ተሳስቼ ነው። ልጅ ከበዓል ቀን ሌላ ለእናቱ የሚሰግደው መቼ ነው? ንገሪኝ! አንቺም ታውቂዋለሽ። ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ ነው፣ ላይመለስ ሲሄድ ነው። ቦ-ዌይ አንቺን ሊያይ ብሎ አይደለም፤ ሊሰናበትሽ ነው። ካየሽ በኋላ የሚጠብቀው ነገር አይኖረውም!»

«ውሸታም! ልጄን ልታስገድለው ነው!» በያዘችው ቦርሳ ፊታቸውን መታቻቸው። ደገመች። መነጽራቸው ወለሉ ላይ ወደቀ። አጎቴ እጃቸውን እንኳ አላነሡም።

«ምቺኝ» አሉ። «እስኪበቃሽ ምቺኝ። ከዚህ በር ግን አልነቃነቅም። ያቺ ሕፃን ከውስጥ እስክትወጣ አልነቃነቅም።»

ዩ-ላን ክንዷ ሲዝል በደረታቸው ላይ ተደፍታ ድምፅ በሌለው ልቅሶ አለቀሰች። ፋንግ-ዪ ከኋላዋ ደግፋ ካርቶኑ ላይ አስቀመጠቻትና እጇን ያዘችላት። ሹን ደግሞ «እናቱ በደህና አሉ፣ ከእኛ ጋር ናቸው፣ ስለ ሊንግ-ሊንግ ነው የሚጨነቁት በለው፤ ስለ መስኮቱ ምንም አትበል» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያለፈውን ሰዓት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። የሚፈነዳ ነገር ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጆሮው ሁሉን ያገዝፍበታል። የማቀዝቀዣዬ ሞተር ሲነሣ ካርቶኔ ላይ ዘለልኩ። ከደረጃው የሚመጣውን ወሬ ፋንግ-ዪ ቆራርጣ ትነግረናለች። ሹ ስለ መንሸራተቻው ጠይቆታል። ቦ-ዌይ ዝም አለ። ስለ ብየዳው እንደገና ጠየቀው፤ መለሰ፤ የብረቱን ጫፍ ልጆችን እንዳይቆርጥ እንዴት እንዳለሰለሰው ነገረው። ሹ አልተቻኮለም። ልጅቷ ትስላለች ወይ አለው። ትስላለች አለ። ደረቷ ያፏጫል? ያፏጫል። ጋዙ እኮ ደረቷን ይዘጋዋል ቦ-ዌይ፣ መንፊያዋ ከሐኪም ሊያዎ ዘንድ መጥቷል፣ በር ላይ ልናደርስላት እንችላለን፤ ግን ሲሊንደሩ ክፍት ሆኖ በሩን መክፈት ለእሷም ያሰጋል።

ዩ-ላን ከንፈሯን ነክሳ ደም አወጣች።

ማዶ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ መጋረጃው ተነቃነቀ። ከዚያ መስኮቱ ተከፈተ። ሌላውም ተከፈተ። «ዘጋው» አለች ፋንግ-ዪ በሹክሹክታ። «ሲሊንደሩን ዘጋው።» አየር እስኪገባ ጠበቁ፤ እንደገና ጠበቁ። ቦ-ዌይ በሩን በጠባቡ ከፈተ። መንፊያውን አልተቀበለም፤ ይልቅ ልጅቷን ራሷን ወደ ውጭ ገፋ አደረጋትና «እናንተው ስጧት፣ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለ።

በዚህች ቅጽበት ነው እነዚያ ሲተኙ የዋሉት ሰዎች የተነሡት። ላይተሩ አሁንም በሌላኛው እጁ ነበረ። አንዱ ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወረደ፣ ሁለቱ እጁን ያዙ፣ አንዱ ሲሊንደሩን ነቅሎ ወደ ሰገነቱ አወጣው። የሰማሁት አንድ የጋሻ ኳታና ከዚያ የወንድ ልቅሶ ብቻ ነው። ጥይት አልተተኮሰም፣ በር አልተሰበረም። ጋዜጠኞቹ ከፊት ለፊት ሲጠብቁ እነሱ ቦ-ዌይን ፊቱን በጃኬት ሸፍነው በጓሮ ደረጃ አወረዱት። ሊንግ-ሊንግ በሱቄ የኋላ በር ገባች፤ መንፊያዋን በአፏ ይዛ፣ የጸጉሯ ጉንጉን ሳይፈታ። አያቷ እቅፍ ውስጥ ስትገባ እኔ ወደ መደርደሪያዬ ዞርኩ፤ ሲያለቅስ የሚታይ ቀማሚ ደንበኛ አያገኝም።

አጎቴ ቴንግ-ፋ መነጽራቸውን ከወለሉ አንሥተው ጠረጉት። «ፋንግ-ዪ» አሉ፤ የኑድል ሻጩ ልጅ ብለው አልጠሯትም። «ወጥታ ቢሆን ኖሮ?»

«ሹ ጠይቆት ነበር» አለች። «ለእናትህ ሰግደህ ስትጨርስስ ምን ልታደርግ ነው ብሎት ነበር። ምንም አልመለሰለትም፤ የላይተሩን ክዳን ብቻ አንድ ጊዜ ቀጭ አድርጎ ሲከፍት በበሩ በኩል ተሰምቷል።»

አጎቴ ካርቶኑ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

በሚቀጥለው የሰፈር ስብሰባ ላይ አንድ ጎረቤታችን ተነሥቶ «ያን ሁሉ ፖሊስ ለአንድ በያጅ! ቀኑን ሙሉ መንገድ ተዘጋ፣ ንግዳችን ቆመ፣ እነሱ ደግሞ አንድ በር እንኳ አልሰበሩም» ብሎ አማረረ። አጎቴ ቴንግ-ፋ እጃቸውን አወጡ። «አለመስበራቸው ነው ሥራቸው» አሉ። «በር ሰባሪማ ሞልቶናል፤ እኔም እሰብራለሁ። መስበር እየቻለ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው የጎደለን። ለዚህ የተማረና ሌላ ሥራ የሌለው ቡድን ከተማ ውስጥ ሲኖር የሰፈሩ ፖሊስ አይደናገጥም፣ አባወራው ከነልጁ አይነድድም፣ ከጎኑ ያለው ቤትም አይቃጠልም። የእናንተን ንግድ አንድ ቀን ዘግተውት ይሆናል፤ ሱቃችሁ ግን አለ። ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ መንገዱን እንለቃለን፣ የምናውቀውን እንነግራቸዋለን፣ እናት ግን ማንም አይጠራም። እኔ ጠርቼ አይቼዋለሁ።»

እኔም ያስተዋልኩትን ልጨምር። ኃይል ያለው ሰው ሁሉ የሚቸኩል ይመስለን ነበር። የከተማችን ልዩ ቡድን ግን ኃይሉን የሰበሰበው ለአንድ ሰው ጊዜ ለመስጠት መሆኑን ያን ቀን አየሁ። ከዚያ ወዲህ ጥቁሩ መኪና በሰፈራችን ሲያልፍ አልፈራም ብል ዋሸሁ፤ እፈራለሁ። ግን ባይኖርስ ብዬ ሳስብ የባሰ እፈራለሁ።

ዩ-ላን አልፎ አልፎ ለሊንግ-ሊንግ መድኃኒት ልትወስድ ትመጣለች፤ ልጅቷ በዕረፍት ጊዜዋ ከአያቷ ጋር ናት። ባለፈው ስትመጣ አጎቴም ሱቄ ውስጥ ነበሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው። አጎቴ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ እያነሡ ይመልሳሉ። ለመናገር የቀደመችው እሷ ናት።

«ትናንት እስር ቤት ሄጄ ነበር» አለች። «ቦ-ዌይ ከስቷል። በመስታወቱ በኩል ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ ምሳ በላሽ ወይ አለኝ።» ገንዘቧን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ያን ቀን መንገድ ላይ ተንበርክኬ አይቶኝ ቢሆን እንዲህ ቀና ብሎ አያየኝም ነበር። በቦርሳ ስለመታሁህ ይቅር በለኝ፣ ወንድም ቴንግ-ፋ።»

አጎቴ መድኃኒቷን ከእጄ ተቀብለው፣ ጃንጥላቸውን ከፍተው፣ እስከ ጀልባው ድረስ ሸኟት።